አንዲት ዜሮ

ባሕር ዳር ውስጥ የድምፅ መሣሪያ ጥገና በጀመርኩበት ዓመት፣ ጥር የሠርግ ወር በመሆኑ ሱቃችን በሞንታርቦና በሚክሰር ተጨናንቆ ነበር። በጣና ዳር ለሚደገሱ ሠርጎች መሣሪያ የሚያከራይ አንድ ደንበኛ ለስላሳ የፈሰሰበት ሚክሰር ይዞ መጣ፤ የቤዙ ማዞሪያ ሲነካ ይንጫጫል። ስከፍተው የቤዙን (የወፍራሙን ድምፅ) ሁለት ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ትንንሽ ዕቃዎች፣ እግራቸውን ዝገት በልቶት አገኘሁ። ሁለቱንም ነቅዬ አዲስ በየድኩ፤ ማዞሪያዎቹን ሁሉ መሐል ላይ አድርጌ ሙዚቃ ስከፍትበት ጥርት ያለ ድምፅ ስለሰጠኝ፣ ሂሳቤን ተቀብዬ ሸኘሁት።

እሑድ ከሰዓት ስልኬ ጠራ። «ወንድሜ፣ ምን አድርገህ ነው የሰጠኸኝ? ሽማግሌው ሲመርቁ አንድ ቃል እንኳ አይሰማም!» በባጃጅ ስደርስ ሽማግሌው ማይኩን ይዘው፣ ጋን ውስጥ ገብተው የሚናገሩ ይመስል ድምፃቸው ያጉረመርማል፤ ምርቃቱ የት ላይ እንዳለቀ የገባው ስለሌለ «አሜን» የሚለው ከየጠረጴዛው በየተራ ነው። የቤዙ ማዞሪያ፣ እንደ አብዛኞቹ አከራዮች ልማድ፣ እስከ ጥግ ተዙሯል። ወደ መሐል ስመልሰው ቃሉ ወዲያው ተለየ፤ ዘፈኑ ሲጀመር ግን የከበሮው ጉልበት አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ቦርዱን ከአጉሊ መነጽር ጋር አቀበሉኝ። «ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ።»

«472፣ ጋሼ።»

«የተነቀለውስ?»

473 ነበር። የመጨረሻው አኃዝ ከ47 ቀጥሎ የሚመጡትን ዜሮዎች ብዛት የሚናገር ስለሆነ፣ 47,000 ፒኮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) በሚያስፈልግበት 4,700 በይጃለሁ ማለት ነው።

የድምፅ ማስተካከያው የኤሌክትሪክ ዑደት (ሰርኪዩት) እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፒተር ባክሳንዳል በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዓይነት ነው። ካፓሲተር ቀጭኑን ድምፅ በቀላሉ ያሳልፋል፣ ወፍራሙን ግን ይከለክላል፤ ስለዚህ ቀጭኑ፣ ትሬብሉ፣ በካፓሲተሩ በኩል ማዞሪያውን አልፎ ሲሄድ፣ ቤዙ በማዞሪያው ውስጥ ለማለፍ ይገደዳል፣ ማዞሪያውም የሚገዛው ይህንኑ ብቻ ነው። በቦርዱ ላይ ካሉት የ100 እና የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስታንሶች (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገቱ መጠኖች) ጋር፣ ትክክለኛው ካፓሲተር ቢኖር ኖሮ ጭማሪው ከ370 ኸርዝ (በሰከንድ 370 ንዝረት) ገደማ ወደ ታች ጀምሮ 34 ኸርዝ አካባቢ ይሞላ ነበር። የእኔው ግን ከ3,700 ጀምሮ 340 ላይ ስለሚሞላ፣ ከሰው ድምፅ ብዙውን ክፍል በ20 ዴሲቤል ያህል አሳብጦ፣ ቃልን ከቃል የሚለዩትን እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ከሥሩ ቀብሯቸዋል። በሙከራዬ ያልታየኝ ደግሞ፣ ማዞሪያው መሐል ላይ ሲሆን ሁለቱ ጎኖች እኩል ስለሚሆኑ፣ ሁለቱም ካፓሲተሮች አንድ ዓይነት እስከሆኑ ድረስ መጠናቸው ምንም ቢሆን ለውጥ ስለማይሰማ ነው። አንዱን ብቻ ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ እዚያው ሱቅ ውስጥ በያዝኩት ነበር።

473ቱን ከበየድኩ በኋላ እያንዳንዱን ማዞሪያ ከጥግ እስከ ጥግ እያዞርኩ፣ በከበሮም በንግግርም ሞከርኩት። ደንበኛው ሊወስድ ሲመጣ ገና ከበሩ ቤዙን እስከ መጨረሻው አዙሮ ማይኩን ሰጠኝ። «በል፣ ዛሬ አንተ መርቅ፤ እኔ አሜን ልበል» አለኝ።