ማህተም የሌለው የድሮ ብርጭቆ፦ ሠሪውን እንዴት ፈለግኩ

እግር ያለው ወፍራም የአሜሪካ ብርጭቆ ነው፤ ጎኑን ሁለት ረድፍ ሞላላ ቅርጾች ይዞሩታል። ሰብሳቢዎች ዲዛይኑን አሽበርተን ይሉታል። ስሙን ማወቅ ቀላል ነው። ችግሩ ኒው ኢንግላንድ ግላስ የተባለው ፋብሪካም፣ በማሳቹሴትስዋ የሳንድዊች ከተማ የነበረው ፋብሪካም፣ የፒትስበርጉ ቤክዌል ፒርስም ይህንኑ መሥራታቸው ነው።

መጀመሪያ ውስጡን በጣቴ ዳሰስኩ። ውጩ ቅርጽ ኖሮት ውስጡ ልሙጥ ነው፤ ስለዚህ መስታወቱን ሞልዱ (የቅርጽ ማውጫው) ውስጥ የጫነው ብረት ነው። በትንፋሽ ተነፍቶ ቢሆን ውስጡም የውጩን ቅርጽ ይከተል ነበር።

ቀጥሎ ዘመኑን ለመገመት መስታወቱ ውስጥ እርሳስ (ከባዱ ብረት) መኖሩን ማወቅ ነበረብኝ። ብዙዎች ብርጭቆውን በጥፍር መትተው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ እኔ አላምነውም፣ ወፍራም ዕቃ እርሳስ ኖሮትም ላይጮህ ይችላል። መዘንኩት፦ ደረቁን 412 ግራም። ከዚያ ውሃ የያዘ ሳህን ሚዛኑ ላይ አድርጌ ዜሮ ላይ መለስኩትና ብርጭቆውን በክር አንጠልጥዬ፣ ሳህኑን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ አጠለቅኩት። ሚዛኑ 135 ግራም አለ፤ ይህ ብርጭቆው ቦታውን የያዘበት ውሃ ክብደት ነው። 412 ለ135 ሲካፈል 3.05 ይመጣል፤ ማለትም መስታወቱ ከእኩል መጠን ውሃ 3.05 እጥፍ ይከብዳል። እርሳስ የሌለው የሶዳና የኖራ መስታወት 2.5 አካባቢ ነው፤ ይህ እርሳስ አለው። የመጀመሪያው ሙከራዬ 2.8 ሰጥቶኝ ነበር፤ ጥፋቱ እግሩ ሥር የቀረው አየር ነው። አዘንብሎ ማስገባትና አረፋውን በጣት ማስወጣት ያስፈልጋል።

በፈረንጆቹ 1864 የመስታወት ባለሙያው ዊሊያም ሌይተን በዌስት ቨርጂኒያዋ ዊሊንግ ከተማ ርካሹን የሶዳና የኖራ ድብልቅ ካሻሻለ በኋላ ብዙ ፋብሪካዎች እርሳስን ተዉ። ኒው ኢንግላንድ ግላስ ግን በእርሳስ ስለቀጠለ ዓመቱ ቁርጥ ያለ ድንበር አይሆንም።

ከዚያ ባትሪ በጎን አብርቼ የሞልዱን መጋጠሚያ መስመሮች ቆጠርኩ፤ ሦስት ናቸው። ቁመቱን፣ የአፉንና የእግሩን ስፋት በካሊፐር ለካሁ፤ የአንገቱን ቅርጽ ከድሮ የፋብሪካ ካታሎግ ሥዕሎች ጋር አስተያየሁ። ሥዕሎቹ በእጅ የተቀረጹ ስለሆኑ ልካቸው አይታመንም፤ ሞልድም ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ ይሸጥ ነበር። በቁፋሮ የተገኘ ስብርባሪም እንዲሁ ያሳስታል፦ ፋብሪካዎች የሌላውን ስባሪ ገዝተው ከጥሬ ዕቃቸው ጋር ያቀልጡ ነበር። የአንድ ቁራጭ ሳንድዊች ግቢ መገኘት እዚያ ለመሠራቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ሻጮች ግን በዚሁ ብቻ ዋጋ ይጨምራሉ።

በብርጭቆው መለያ ካርድ ላይ የጻፍኩት፦ «አሽበርተን፤ የእርሳስ መስታወት፤ አሜሪካ፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፤ ባለ ሦስት ክፍል ሞልድ፤ ክብደቱ ከእኩል መጠን ውሃ 3.05 እጥፍ፤ ሠሪው አልተረጋገጠም።»