ከጎርፍ በኋላ ቁልፉን አትስጡ

ክረምት ሲከር አዲስ አበባ ውስጥ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ዳርቻ ባሉ የጭቃ ቤቶች ውሃ መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። ውሃው ግን ብዙም ሳይቆይ ይሸሻል። ተከራዩን ከቤቱ የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ በቀጣዩ ሳምንት የሚመጣው ንግግር ነው፦ «ቤቱን ላድሰው ስለሆነ ለጊዜው ልቀቁልኝ፣ ቁልፉንም ስጡኝ።» ፍራሹ ረጥቦ፣ ልጆቹ ዘመድ ቤት ተበትነው የሚያድሩበት ሰው ቁልፉን ያስረክባል። ወር ቆይቶ ሲመለስ ግድግዳው ተለስኖ፣ ኪራዩ ጨምሮ፣ ሌላ ሰው ገብቶበት ያገኘዋል። «ለጊዜው» መባሉን የሚመሰክርለት ወረቀት የለውም።

ቤት ስለተጎዳ ብቻ የኪራይ ውል አይፈርስም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ነው እንጂ «እድሳቱ ብዙ አስወጣኝ» ተብሎ አይጫንም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1793 ደግሞ እንደ ሁኔታው የመሬት መንቀጥቀጥን፣ መብረቅንና ጎርፍን ከአቅም በላይ ከሆኑ ነገሮች ይቆጥራቸዋል። ተከራዩ ባላጠፋው ነገር የግድግዳ ማሠሪያ ሊጠየቅ አይገባም ማለት ነው። ቤቱ ጨርሶ ከፈረሰ ግን ውሉ የሚያርፍበት ነገር አይኖርም። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ «ፈርሷል ወይስ ተጎድቷል» የሚለው ላይ ይወድቃል። ይህን የሚለየው አከራዩ አይደለም። የወረዳው የግንባታ ባለሙያ አይቶ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ በማመልከቻ ጠይቁ። አደጋው ሲደርስ በ939 ተደውሎ የእሳትና አደጋ ሠራተኞች መጥተው ከነበረም ስለ አደጋው ደብዳቤ ይጠየቃል።

ማስረጃው የሚሰበሰበው ውሃው በወጣበት ቀን ነው። መጀመሪያ መብራት ከቆጣሪው ይጥፋ። ከዚያ ውሃው ግድግዳው ላይ የደረሰበትን ከፍታ በከሰል አስምሩና አጠገቡ ቀኑን ጻፉ። ጭቃ ግድግዳ ሲደርቅ ምርጊቱ ከታች ጀምሮ ስለሚረግፍ ጥቂት ቀን ካለፈ ምልክቱ አብሮ ይሄዳል። ፎቶ ስታነሱ ቢያንስ አንዱ ላይ የቆጣሪው ቁጥር ይታይ፤ ምስሉ የየትኛው ቤት እንደሆነ የሚያስረዳው እሱ ነው። ቋሚውን እንጨት ከሥሩ በቢላ ጫፍ ወጋ አድርጉት። አንድ ሌሊት የረጠበ ደህና ባሕር ዛፍ ቢላ አያስገባም፤ እንደ ዳቦ ከገባ ግን እንጨቱ ከጎርፉ በፊት በስብሶ ነበር፣ ይህም የቤቱ ባለቤት ሳይጠግነው የቆየ ጉድለት ነው። የግቢውን የፈሳሽ መውረጃም ፎቶ አንሱት፤ «ቆሻሻ ደፍነውበት ነው ውሃው የገባው» የሚል ክስ ተዘውትሮ ይመጣልና።

ብሎኬት ቤት ላይ ነገሩ ይለያል። በ2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ብዙ ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ ማየት ጀምሮ ነበር። ስንጥቁን አሻግራችሁ ጣት ስፋት ያህል ጀሶ ለጥፉና ቀን ጻፉበት። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ አይታደርም። ደህና ከቆየ ስንጥቁ የቆመ መሆኑን ይጠቁማል፣ «ቤቱ ሊፈርስ ነው፣ ውጡ» ለሚለው ንግግር አንድ መልስ ይሆናል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የባለሙያው ነው።

ለጥገና መውጣት የግድ ከሆነ ውጡ፤ እርጥብ ግድግዳ ሥር ልጅ ማስተኛት አይገባም። ግን ሳትወጡ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ፦ «ቤቱን የምለቀው ለጥገና ለጊዜው ነው። ውሉ አልተቋረጠም። ጥገናው እስከዚህ ቀን ያልቃል፣ በዚያው ኪራይ እመለሳለሁ።» ሁለት ምስክር ይፈርምበት፤ የእድር ዳኛ ቢሆን ይመረጣል። አከራዩ አልፈርምም ካለ ያንኑ ቃል በስልክ መልእክት ላኩለትና አታጥፉት። ጥገናው ከፈቀደ አንድ ክፍል ቆልፉ፣ አልጋም ቢሆን ውስጡ ይቅር። ለሠራተኛ ቁልፍ ማዋስና ቤት ማስረከብ አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ይስፈር።

ብዙ ተከራይ የሚሸነፈው ኪራይ በማቆሙ ነው። «ቤቱ ውስጥ ሳልኖር አልከፍልም» ማለት ፍትሐዊ ይመስላል፣ ነገር ግን አለመክፈል ራሱ ውል ማቋረጫ ምክንያት ስለሆነ ለአከራዩ በር ይከፍትለታል። ቅነሳውን በጽሑፍ ጠይቁ። ኪራዩ በወር 6,000 ብር ሆኖ በጥገና ምክንያት 20 ቀን ካልተኖረበት፣ የ20 ቀኑ 4,000 ብር እንዲቀነስ አስልታችሁ አቅርቡ። እስኪስማማ ወይም ፍርድ ቤት እስኪወስን ግን በቴሌብር ወይም በባንክ፣ ምክንያቱ ላይ የወሩን ስም ጽፋችሁ ክፈሉ። አልቀበልም ካለ ገንዘቡን በፍርድ ቤት ማስያዝ ይቻላል።

የጽሑፍ ውል የሌለው ሰውም ባዶ እጁን አይደለም። የከፈለበት የቴሌብር ደረሰኝ፣ የእድር ደብተር፣ በዚያ ወረዳ የወጣ መታወቂያ፣ የጎረቤት ቃል ተደምረው ኪራዩን ያስረዳሉ። በእጅ የተከፈለ ጥሬ ብር ነው ምንም የማይመሰክረው።

እርዳታ ሲመጣም ተከራይ ይረሳል። ኮሚቴው በቤት ቁጥር ሲመዘግብ በአንድ ቁጥር ሥር ያለው ግቢ እንደ አንድ ቤተሰብ ይያዛል፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ያሉት አራት አባወራዎች ከዝርዝሩ ይወጣሉ። ዝርዝሩ ሳይዘጋ ራሳችሁን ችላችሁ፣ በራሳችሁ መታወቂያ ተመዝገቡ፤ በአከራዩ ስም ሥር አትግቡ።

ዳር አካባቢ ደግሞ የመንገዱ ወዲህ ማዶ የአዲስ አበባ ወረዳ፣ ወዲያ ማዶ የኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ ሊሆን ይችላል። ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት ቤቱ በየትኛው እንደሚተዳደር አረጋግጡ፤ የተሳሳተ ቢሮ መመላለስ ሳምንት ይበላል። የጨረቃ ቤት የተከራየ ሰው ችግሩ ይከብዳል፣ ካርታ የሌለውን ቤት ውል ማስመዝገብ አስቸጋሪ ነውና። እሱ ከማንም በላይ ደረሰኝና ምስክር ያስፈልገዋል።

በጉልበት ዕቃ ሊያወጡ ከመጡ ለፖሊስ ማመልከት፣ በማግስቱም ፍርድ ቤት ሄዶ እግድ መጠየቅ ነው። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌላት ሴት የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ብትጠይቅ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ስትሄድ ፎቶዎቹን አሳትማ፣ ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል አስራ ብትይዝ ጉዳዩ በመጀመሪያው ቀን ይገባቸዋል።