አብሯት ሰው አለ ወይ?

ደብረ ማርቆስ ዛሬ ሲዘንብ ነው የዋለው። ከማዋለጃ ክፍል ወጥቼ ዶርም ገና መግባቴ ነው። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።

የሚድዋይፈሪ ማስተርሴን የጀመርኩት ስድስት ዓመት ጤና ጣቢያ ሠርቼ ነው። በነዚያ ዓመታት ልጇን ልታግዝ የመጣችውን ስንቷን እናት ከበር መልሻለሁ! «እማማ፣ ውጭ ይጠብቁ» እል ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ልማድም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣውን የምጥ መከታተያ ቅጽ ስንማር ሐሳቤ ሁሉ የማህፀን በር የሚከፈትበት ሴንቲ ሜትር ላይ ነበር። የምጡ ንቁ ደረጃ፣ ማለትም ምጡ የሚፋፋምበት ጊዜ፣ ድሮ ከ4 ይቆጠር ነበር፤ አሁን ከ5 ሆኗል። ቀላል ለውጥ አይደለም፤ ምጥን ያለጊዜው ከማፋጠን ያድናል። ዛሬ ግን ዓይኔ ያረፈው ከፅንሱ የልብ ምት በላይ ባለችው መስመር ላይ ነው። አብሯት ሰው አለ ወይ? በድሮው የምጥ መከታተያ፣ በፓርቶግራፍ፣ ይህ ጥያቄ አልነበረም።

ከጮቄ በኩል የመጣች፣ የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ልጅ ነበረች። እናቷን አስገባኋቸው። ወገቧን እያሹ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ ትንፋሿ ረጋ አለ። ውሃውንም በትንሽ በትንሹ ያጠጧት እሳቸው ናቸው። ስትገላገል ደም እንዳይበዛባት ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ወጋኋት። ደሟን ደጋግሜ አየሁ። ደህና ናት። ሕፃኗም ደህና ናት። እማማ እልልታውን አቀለጡት!

ከዚያ እጄን ያዙና «አንቺንም ወልዶ ለመሳም ያብቃሽ» አሉኝ።

አሜን አልኩ።