ድልድሉን ከመዝገብ ቤት ብንጀምረው ኖሮ

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት አስተዳደር ዳይሬክቶሬትን በምመራበት ወቅት የተቋሙ አደረጃጀት እንደገና ተጠንቶ ሦስት የሥራ ክፍሎች ወደ ሁለት ተጠቃለሉ፤ የሥራ መደቦቹም የእያንዳንዱን ሥራ ክብደት በነጥብ በሚለካው የነጥብ የሥራ ምዘና ዘዴ ተመዝነው አዲስ ደረጃ ወጣላቸው። 340 ያህል ሠራተኞችን በአዲሱ መዋቅር ላይ የመደልደሉ ኃላፊነት እኔ በሰብሳቢነት በምመራው ኮሚቴ ላይ ወደቀ። ከባዱ ሥራ የመዋቅር ጥናቱ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ እኛን የፈተነን ግን ስለ ሠራተኞቻችን በእጃችን የነበረው መረጃ ነው።

የድልድል መስፈርቶቻችን የተለመዱት ነበሩ፦ የትምህርት ዝግጅት፣ ለመደቡ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤትና የማኅደር ጥራት፣ ማለትም በግል ማኅደር ውስጥ የዲሲፕሊን ቅጣት አለመኖሩ። በወረቀት ላይ ሚዛናዊ ይመስላሉ። የአፈጻጸም ውጤቶቹን ሰብስበን ስናይ ግን ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም ከ85 እስከ 95 ባለው ክልል ውስጥ ተከማችተው አገኘናቸው። የቅርብ ኃላፊዎች ከሠራተኛ ጋር ላለመቀያየም ለዓመታት ተቀራራቢ ነጥብ ሲሰጡ ስለኖሩ፣ ታታሪውን ከቸልተኛው የምንለይበት መሣሪያ በሚያስፈልገን ሰዓት አልነበረንም። ስለዚህ ክብደቱ ሁሉ በአገልግሎት ዘመንና በማኅደር ላይ አረፈ፤ ማኅደሩም የሚታመን አልነበረም።

ይህን ያስተማሩኝ 19 ዓመት ያገለገሉ አንዲት የመዝገብ ቤት ባልደረባ ናቸው። ድልድሉ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ማግስት ወደ ቢሮዬ መጥተው፣ ከእርሳቸው ያነሰ ልምድ ያለው ሠራተኛ እንዴት እንደበለጣቸው ጠየቁኝ። ማኅደራቸውን አስመጥቼ ሳገላብጥ ቀድሞ ይሠሩበት ከነበረው መሥሪያ ቤት የተሰጣቸው የሰባት ዓመት የሥራ ልምድ ማስረጃ የለም። ደብዳቤው ከሁለት ቀን ፍለጋ በኋላ በስም ከሚመሳሰሏቸው ሌላ ሠራተኛ ማኅደር ውስጥ ተገኘ። እርሳቸውም ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው፣ «እኔ የሰውን ፋይል ስጠብቅ የእኔን ማን ጠበቀልኝ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት የድልድሉ ውጤት ተነሥቶ ሥራው ለሦስት ሳምንት እንዲቆም የበላይ አመራሩን ጠየቅሁ። የተሰጠን የጊዜ ሰሌዳ ጠባብ ስለነበር ጥያቄው ቅሬታ ማስነሣቱ አልቀረም፤ የማያልቅ አቤቱታ ከምናስተናግድ አሁኑኑ ብናርመው ይሻላል ብዬ ስለተሟገትኩ ግን ተፈቀደልን። እያንዳንዱ ሠራተኛ በተራው እየተጠራ ማኅደሩን ገጽ በገጽ እንዲያይ፣ የጎደለውን እንዲያሟላና የሰነዶቹን ዝርዝር አረጋግጦ እንዲፈርም አደረግን። ነጥብ ከመያዙ በፊት መደረግ የነበረበት ሥራ ነው፤ ይህን አለማድረጌ በእኔ ላይ የሚቆጠር ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ስሕተቴ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው አደረጃጀት ነበር። ሥራውን ያውቁታል በሚል ከደልዳዮቹ መካከል ሁለቱን በአባልነት አስገብቼ ነበር፤ የወሰነ ሰው የራሱን ውሳኔ ሲመረምር ግን ቅሬታ አቅራቢው ገና ከበሩ ተስፋ ይቆርጣል። እነርሱን አንሥተን ሠራተኛው ራሱ በመረጣቸው ሰዎች ተካን። የመልስ አሰጣጡንም ቀየርን፤ «ቅሬታዎ ተቀባይነት አላገኘም» የሚለውን የአንድ መስመር ደብዳቤ ትተን፣ በየመስፈርቱ የተያዘውን ነጥብና ነጥቡ የተያዘበትን ማስረጃ በጽሑፍ መግለጽ፣ ከዚያም አቅራቢውን አስቀምጦ ማስረዳት ጀመርን። ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ነው። ነገር ግን ያመለከቱት መደብ ያልተሰጣቸው ሰዎች እንኳ ምክንያቱን ባዩ ጊዜ አብዛኞቹ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል፤ በዚያ ሁሉ ሂደት ውስጥ ካደረግናቸው ነገሮች መካከል የምኮራበት ይህ ነው።

እስካሁን የሚቆጨኝ ምደባ ያላገኙት ሰዎች ጉዳይ ነው። በቁጥር 23 ነበሩ፤ በየኮሪደሩ «ተንሳፋፊ» ይባሉ ጀመር። ይህን ቃል በደብዳቤዎቻችንም ሆነ በስብሰባዎቻችን ላይ ማንም እንዳይጠቀም ከልክያለሁ። ስሙን መከልከል ግን ሥራ አይሰጥም። ደመወዛቸው ሳይቋረጥ ጠዋት ገብተው ማታ የሚወጡ፣ በመካከሉ ግን የሚጠይቃቸው የሌለ ሰዎች የሚደርስባቸውን መዋረድ ከቅርብ ሆኜ አይቻለሁ። የትኞቹ መደቦች እንደሚታጠፉ ከጥናቱ ጊዜ ጀምሮ ይታወቅ ስለነበር፣ የሥልጠናና ወደ ሌላ ተቋም የማዛወር ዕቅድ ያን ጊዜ መዘጋጀት ነበረበት። እኛ ዕቅዱን እስክንጨርስ ቀድመው የለቀቁት በሌላ ቦታ ሥራ ማግኘት የሚችሉት፣ ማለትም ልናጣቸው የማይገባን ባለሙያዎች ነበሩ።

ስለ ወሬም አንድ ነገር ልበል። ዝም ባልንባቸው ሳምንታት የሚናፈሰው ከእውነታው የከፋ ስለነበር፣ ዘወትር ዓርብ የደረስንበትን የሚገልጽ አጭር ማስታወቂያ ማውጣት ጀመርን፤ አዲስ ነገር በሌለበት ሳምንትም «ውሳኔው ገና አልተሰጠም» ብለን እንለጥፍ ነበር።

የመዝገብ ቤቷ ባልደረባ ነጥባቸው ተስተካክሎ በሚገባቸው መደብ ላይ ተመደቡ። ዛሬ በእያንዳንዱ ማኅደር የውስጥ ሽፋን ላይ ተለጥፎ ሠራተኛው በየዓመቱ የሚፈርምበትን የሰነዶች ዝርዝር ቅጽ ያዘጋጁት እርሳቸው ናቸው።