ዓይኔን ከሰጪው ላይ አንስቼ ተቀባዩ ላይ ሳሳርፍ

ስለ ጽድቅና ስለ ምጽዋት የተሠሩ የድሮ ፊልሞችን ደጋግሜ አያለሁ። አጥብቄ የያዝኳቸው ግን ሁለት የስፔናዊው የፊልም ዳይሬክተር የሉዊስ ቡኙኤል ሥራዎች ናቸው፤ በ1959 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ የወጣው «ናዛሪን» እና በ1961 በስፔን የተሠራው «ቪሪዲያና»። ብዙ ሰው «ሃይማኖት ላይ የሚሳለቁ ፊልሞች» ብሎ ያልፋቸዋል። ለእኔ ይህ አልተዋጠልኝም። ስለዚህ አንድ ዘዴ ያዝኩ። በየትዕይንቱ አቆምና ተቀባዩን ብቻ እከተላለሁ። ምን ተሰጠው? ፈልጎታል ወይ? ከተቀበለ በኋላስ ምን ሆነ? መልሱን ማስታወሻ ላይ እጽፋለሁ። ሌላ ነገር የለውም።

በ«ናዛሪን» ውስጥ ቄሱ ያለውን ሁሉ የሚሰጥ ሰው ነው። አንድ ቦታ የጉልበት ሥራ ያገኛል፤ ደሞዝ አልፈልግም፣ ምግብ ይበቃኛል ይላል። የሥራ ጓደኞቹ ይቆጣሉ። በነፃ የሚሠራ ከተገኘማ የእነሱን ደሞዝ ማን ይከፍላል? ቄሱ ትቶላቸው ይሄዳል። ከኋላው ጠብ ይነሳል፣ ተኩስ ይሰማል። እሱን ብቻ ካያችሁ ትሕትና ነው የምታዩት። ሠራተኞቹን ስትከተሉ ግን የእንጀራ ጉዳይ ይሆናል።

«ቪሪዲያና» ላይ ዘዴው ይበልጥ ሠራልኝ። ልትመነኩስ የነበረችው ወጣት ከአጎቷ ሞት በኋላ የኔ ቢጤዎችን ሰብስባ በርስቱ ላይ ታኖራለች። ታበላቸዋለች፣ ታሠራቸዋለች፣ ታስጸልያቸዋለች። እነሱ ግን ገና ከመግባታቸው በሥጋ ደዌ የተያዘውን ሰውዬ ከመሃላቸው ማባረር ይፈልጋሉ። ቡኙኤል ድህነት ሰውን ቅዱስ ያደርጋል ብሎ አይዋሽም፤ ይህን በጣም እወድለታለሁ። ባለቤቶቹ በሌሉበት ቤቱን ሰብረው ገብተው ሲጋበዙ የዳ ቪንቺን «የመጨረሻው እራት» መስለው ይቀመጣሉ። የቫቲካን ጋዜጣ ፊልሙን ያወገዘው፣ ስፔንም እስከ 1977 ድረስ ያላሳየችው በዋናነት በዚህ ዓይነት ትዕይንት ነው፤ ያውም በካን የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ፓልም ዶርን ካገኘ በኋላ።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ቪሪዲያና ስትመለስ ያበላቻቸው ሰዎች ይነሱባታል። የአጎቷ ልጅ ሆርሄ ታስሮ ወድቋል። ለዚያው ለተገፋው በሽተኛ ገንዘብ ቃል ይገባለታል። ሰውዬው አካፋ አንስቶ ቪሪዲያናን የያዘውን ጓደኛውን ይመታል። ያዳናት ጸሎቷ ወይም ውለታዋ አይደለም፤ ጉቦ ነው። ይህን ክፍል ሳይ ሁሌ ይከብደኛል።

ታዲያ ፊልሙ እምነትን ብቻ ነው የሚነካው? በፍጹም። ሆርሄ ምጽዋት ዋጋ የለውም ባይ ነው። ጋሪ ሥር ታስሮ የሚሮጥ ውሻ አይቶ ያዝንና ይገዛዋል። ወዲያው በተቃራኒው በኩል ሌላ ጋሪ ያልፋል፤ ከሥሩም ሌላ ውሻ ታስሯል። ሆርሄ አያየውም። እኛ ግን እናየዋለን። እኔ አንዱን ውሻ መግዛቱ ከንቱ ነው አልልም። ለዚያ ውሻ ሁሉ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ የቀረልኝ ትምህርት «አትስጥ» የሚል አይደለም። ቪሪዲያናም ሆነች ቄሱ የሚረዱትን ሰው ምን እንደሚፈልግ ብዙም አይጠይቁትም። መልካም መሆን እንጂ ያንን ሰው ማወቅ አላሳሰባቸውም። ለዚህ ነው «ናዛሪን» የሚያልቅበት ቦታ ሁለቱንም ፊልሞች የሚፈታልኝ። ቄሱ እስረኛ ሆኖ በጠባቂ ሲነዳ አንዲት ፍራፍሬ ሻጭ አናናስ ትሰጠዋለች። መጀመሪያ እምቢ ይላል። ከዚያ ይመለስና ይቀበላል። በቡኙኤል የትውልድ መንደር በካላንዳ በስቅለት ሰሞን የሚመታው ከበሮ እየጮኸ፣ ፊቱ ተረብሾ ይሄዳል። ብዙዎች እምነቱ የተናጋበት ቅጽበት ነው ይላሉ። እኔ በበኩሌ ተቀባይ ስለሆነ ነው የደነገጠው እላለሁ።

ዘዴውን መሞከር የሚፈልግ በ«ናዛሪን» ይጀምር። እኔ አሁን በዚሁ ዓይን የፈረንሳዊውን ዳይሬክተር የሮበር ብሬሶንን ፊልም «የገጠር ቄስ ማስታወሻ» ጀምሬያለሁ፤ እዚያ ደግሞ ለሰው መጽናኛ የሚሰጠው ቄስ ራሱ በጨጓራ ካንሰር እየሞተ ነው።