ያ ብርሃን በእርግጥ ይሄድ ነበር?

ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። በስተምዕራብ ደማቅ ብርሃን አየሁ፤ ትክ ብዬ ሳየው ወደ ግራ ሸተት አለ፣ ቆየት ብሎም ተመለሰ። አብሮኝ የነበረው ወንድሜም «አዎ፣ እየሄደ ነው» አለ። ቤት እንደገባሁ ሁሉንም ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ወጣሁ፤ ብርሃኑም እዚያው ነበር። አሁን ግን ጭንቅላቴን ግድግዳ አስደግፌ ከጣሪያው ጠርዝ ጋር አስተያየሁት። ቀጥ አለ! ቀስ እያለ ወደ አድማስ ከመውረድ በቀር የትም አልሄደም። ለካ ፕላኔቱ ቬኑስ ኖሯል፣ ብዙዎች ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ አካል ነው ብለው የሚያሳውቁት «የምሽት ኮከብ»።

ታዲያ የሄደው ምንድን ነው? ይህ እንቅልፍ ነሳኝ። ክፍሌን በብርድ ልብስ አጨለምኩ፤ የእጅ ባትሪ መስታወት ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጥፌ በመርፌ በሳሁትና መጻሕፍት ላይ አስቀመጥኩት። ብዙም ሳይቆይ ነጥቧ መዋለል ጀመረች። ባትሪውን በእጄ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ፣ እንደማይንቀሳቀስም አውቃለሁ፤ ግን ስትሄድ አያታለሁ! ዓይን ተክሎ ሲያይም ፈጽሞ አይረጋም፤ በጨለማ ደግሞ ማመሳከሪያ የለውም። በጨለማ የቆመ ነጥብ የሚሄድ መምሰሉን ባለሙያዎች ኦቶካይኔቲክ ክስተት ይሉታል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሙዛፈር ሸሪፍ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ተጠቅሟል። ነጥቧ ምን ያህል እንደሄደች ሰዎች ለየብቻ ሲጠየቁ ግምታቸው ይራራቃል፤ አብረው ሲያዩ ይቀራረባል። ሦስት ጓደኞቼን ጠርቼ ሞከርኩት። ለየብቻ አንዱ ሁለት ጣት፣ አንዱ ስንዝር፣ ሌላው ክንድ ያህል ሄደች አሉ። አንድ ላይ ሳስቀምጣቸው በጥቂት ሙከራ ሁሉም ስንዝር አካባቢ ገቡ። የዋሸ የለም።

ያን ጊዜ ወንድሜ ትዝ አለኝና ደብተሬን ገለጥኩ። በራሴ እጅ የተጻፈው «ሲሄድ አየኸው? አልኩት» ይላል። እኔ ግን ቀድሞ የተናገረው እሱ ይመስለኝ ነበር፤ ለሰውም እንደዚያ እያልኩ አውርቻለሁ። ጥያቄ ምን ያህል ትዝታን እንደሚቀርጽ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 አሳይተዋል፦ የመኪና ግጭት ፊልም ያዩ ሰዎች «ሲላተሙ» ተብለው ሲጠየቁ «ሲነካኩ» ከተባሉት የበለጠ ፍጥነት ገምተዋል።

ዛሬ ሰማይ ላይ ነገር አየሁ የሚለኝን ሰው አላጣጥልም፤ ያየውን አይቷል። «ሄደ ወይ?» ብዬ ግን አልጠይቀውም። «ምን አየህ?» ብዬ ዝም እላለሁ፤ ሲጨርስ በአጠገቡ ዛፍ ወይም ጣሪያ እንደነበር እጠይቃለሁ። ወንድሜን በቅርቡ ስጠይቀው እሱም ቀድሞ የተናገረው እሱ ራሱ እንደነበር ነገረኝ። ደብተሩን አሳየሁት።