መጥረጊያና ማይክሮፎን

ዛሬ ሥራ ቀዝቀዝ ሲልብኝ አትላንታ ኦበርን አቬኑ ላይ መኪናዬን አቆምኩ። ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ተሳፋሪ ሳመላልስ የፕሪንስ ሆል ሜሶኖችን (የጥቁሮች ወንድማማች ማኅበር ነው) ሕንፃ ቀና ብዬ እንኳ አይቼው አላውቅም። ለካ ደብልዩ-ኢ-አር-ዲ ሬዲዮ እዚህ ነበር!

ጣቢያውን እ.ኤ.አ. በ1949 ጄሲ ብሌይተን የሚባል ጥቁር የሒሳብ ባለሙያ በ50 ሺህ ዶላር ገዛው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ባለቤት ያገኘ የመጀመሪያው ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ከዚያ በፊት ሜምፊስ ላይ ሙሉ ፕሮግራሙን ለጥቁሮች ያደረገ ጣቢያ ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን ነጮች ነበሩ። ድምፁ የእኛ፣ ካዝናው የእነሱ እንደማለት ነው።

እኔን ግን የገረመኝ ሌላ ነው። ከስቱዲዮው በታች ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚመሩት ድርጅት ቢሮ ነበር። እንደሚወራው ኪንግ የሚናገሩት ነገር ሲኖራቸው መጥረጊያ አንስተው በእጀታው ጣሪያውን ኳ ኳ ያደርጋሉ። ከላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ ማይክሮፎኑን በመስኮት ቁልቁል ይለቁላቸዋል። በቃ፣ አየር ላይ ናቸው! እኛ ቤት ጣሪያ የሚደበደበው ጎረቤት ሲንጫጫ ነው።

ብሌይተን ጣቢያውን በ1968 ሸጠው።

መስኮቶቹን አንጋጥጬ እያየሁ "ማይክሮፎኑ በየትኛው ወርዶ ይሆን?" ስል ስልኬ ጮኸ። ተሳፋሪ፣ ኤርፖርት፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ።